በርበሬንና የቅጠል ቅመሞችን በቤት ስለ ማድረቅና ስለ ማዋሐድ

በኤርትራና በኢትዮጵያ ደጋ ክረምቱ ወጥቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርሱ፥ ሰማዩ ስለሚጠራ ነፋሱም ደረቅ ስለሚሆን፥ በየግቢው በርበሬ ማስጣት ይጀመራል። ይህ ሥራ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ወጥ የሚጣፍጥበት ወይም የሚበላሽበት ስለ ሆነ፥ በባልትና ሙያ ውስጥ ያለው ስፍራ ከፍ ያለ ነው። በርበሬዋ ያላማረላት ሴት ዓመቱን ሙሉ እንግዳ በመጣ ቍጥር ታፍራለች፤ በርበሬዋ ያማረላት ግን ጎረቤት ሁሉ ልኩን ይጠይቃታል።

ነገር ግን በርበሬ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዛላውን ብቻ ነው። ቀይ መልኩንና ማቃጠሉን የሚሰጠው ዛላው ሲሆን፥ መዓዛውንና የጣዕሙን ጥልቀት የሚሰጡት በሶብላ፥ ጤና አዳም፥ ነጭ ሽንኵርት፥ ዝንጅብል፥ ኮረሪማ፥ አዝሙድና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። ቅቤ ለማንጠርና ሥጋ ለመጥበስም ኮሰረት፥ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ይፈለጋሉ። እነዚህ ሁሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ ስላላቸው፥ በአንድ ቀን በአንድ ሰሌን ላይ አብረው ተሰጥተው ሊደርቁ አይችሉም። አንዱ ፀሐይ ሲወድ ሌላው ጥላ ይወዳል፤ አንዱ በሁለት ቀን ሲደርቅ ሌላው ሳምንት ይፈልጋል። በየቤቱ ከሚታየው ጥፋት አብዛኛው የሚመጣው ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ሁሉን በአንድነት ከማስጣት ነው።

ጥፋቱ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለእመቤቲቱ በተተወ ነበር። እርጥበቱ ሳይወጣ የተከማቸ በርበሬ ግን ይሻግታል። ሻጋታ ደግሞ ቀድሞ እንደሚታሰበው የመልክና የሽታ ነገር ብቻ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተርኪ ከሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100000 የሚበልጡት በጥቂት ወራት ውስጥ ባለቁ ጊዜ፥ ሊቃውንት መርምረው ምክንያቱ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ መሆኑን አገኙ። ከዚያ ሻጋታ የሚወጣውም መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ነው፤ በብዛት ሲበላ በአጭር ጊዜ ይገድላል፥ በጥቂት በጥቂቱ ለብዙ ዓመታት ሲበላም የጉበት ካንሰር ያመጣል። በ2004 በጎረቤት አገር በኬንያ የሻገተ በቆሎ ከበሉት ሰዎች 317 ታመው 125ቱ ሞተዋል። በአዲስ አበባ የሽሮና የበርበሬ ዱቄት ላይ ተደርጎ በ1996 የታተመ ምርመራም፥ በአንዳንዱ ናሙና ውስጥ ይኸው መርዝ መኖሩን አሳይቷል።

በርበሬ እንደ በቆሎ በገበታ ሙሉ አይበላም፤ ቢሆንም በየቀኑ ይበላል፥ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይበላዋል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ይህን መርዝ የምጣድ ሙቀትም ሆነ የወጥ መንተክተክ የማያጠፋው መሆኑ ነው። የሻገተውን ዛላ በጨርቅ ጠርጎ መቍላት ወይም ከደኅናው ጋራ ደባልቆ ማስፈጨት ሻጋታውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ መርዙን አያስወጣውም። ለላም መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙ መልኩን ለውጦ በወተቱ በኩል ተመልሶ ወደ ልጆች ይመጣልና። የሻገተ ዛላ ተለቅሞ መቃጠል ወይም መቀበር ይገባዋል።

እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው ዛላውን ከመምረጥ ነው። የራሱን በርበሬ የሚያመርት ገበሬ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ቀልቶ በተክሉ ላይ መጠውለግ ሲጀምር ይልቀመው፤ አረንጓዴ የቀረበት ሲደርቅ ይነጣል፥ ነጭ የሆነውም ዱቄቱን ያደበዝዘዋል። ከገበያ የሚገዛ ሰው፥ የማረቆም ይሁን የአላባ ወይም የሌላ አገር፥ ዛላውን በጆሮው አቅርቦ ቢነቀንቀው ፍሬው ሲንኳኳ ይሰማዋል፤ የማይንኳኳው ገና እርጥብ ነው። ክብደቱ እንዲጨምር በዛላው ላይ ውሃ የሚረጩ ነጋዴዎች ስለማይጠፉ፥ እጅን ወደ ጆንያው መካከል አግብቶ ማየት እንጂ ከላይ ያለውን ብቻ ዓይቶ መግዛት አይበጅም። መካከሉ ከዳሩ ይልቅ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ ጆንያው ታምቋል ማለት ነው፤ መተው ይሻላል።

ዛላ በርበሬ ፀሐይን ይችላል። ይሁን እንጂ በባዶ መሬት ላይ መስጣት ክፉ ልማድ ነው፥ ሻጋታውን የሚያመጡት ረቂቅ ዘሮች የሚኖሩት በአፈር ውስጥ ስለ ሆነ። ከመሬት ከግማሽ ሜትር ያላነሰ ከፍታ ያለው የእንጨት ወይም የሸንበቆ ቆጥ ሠርቶ፥ በላዩ ንጹሕ ሰሌን ወይም አቡጀዲ አንጥፎ፥ ዛላውን በአንድ ድርብ ብቻ መዘርጋት ነው። ነፋስ ከበላይም ከበታችም ሲያልፍበት ማድረቂያው ከፀሐዩ ይልቅ ነፋሱ መሆኑ ይታያል። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይገለባበጣል። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መሰብሰብ ወይም መሸፈን አለበት፤ ቀን የወጣው እርጥበት ሌሊት በጤዛ ተመልሶ ከገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚሰጡ ሰዎች ቶሎ ይደርቅልናል ይላሉ፤ እውነት ቶሎ ይደርቃል፥ ነገር ግን ቆርቆሮው ሲግል ቆዳው ይጠቍራል፥ ቀለሙም ቡናማ ይሆናል። በመኪና መንገድ ዳር ስለሚሰጣው በርበሬ መናገር አያስፈልግም፤ አቧራውና የመኪናው ጢስ ምን እንደሚሠሩበት የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።

ቅጠሎቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። በበሶብላ፥ በጦስኝ፥ በኮሰረትና በጥብስ ቅጠል ውስጥ ያለው መዓዛ የሚተን ዘይት ነው። ዘይቱ ቅጠሉን ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀረው ራሱ ሲሆን፥ ብርቱ ፀሐይ ሲያገኘው ከውሃው ጋራ አብሮ ይወጣል፥ ቅጠሉም አረንጓዴነቱን ትቶ ድርቆሽ ይመስላል። ስለዚህ ቅጠል በጥላ፥ ነፋስ በሚገባበት፥ ጢስ በማይደርስበት ክፍል መድረቅ አለበት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግራድ ባይበልጥ ይመረጣል። በብዙ ቤት በሶብላ በማድቤት ምሰሶ ላይ ታስሮ ይታያል፤ ከጊዜ በኋላም የሚሸተው በሶብላ ሳይሆን ጢስ ነው።

በሶብላ፥ በትግርኛ ሰሰግ የሚባለው፥ አበባውን ማውጣት ሲጀምር መዓዛው ከሁሉ ጊዜ ይበረታል። ጧት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፥ ፀሐይ ሳይበረታ፥ ከነአበባው ይቈረጣል። አንድ እጅ በማይሞላ ቀጭን ጭብጥ እየታሰረ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ይሰቀላል፤ ጭብጡ ከወፈረ መካከሉ ይታፈንና ይጠቍራል። ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፥ ቅጠሉም በመዳፍ ሲታሽ ከደቀቀ ደርቋል። ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ የሚሆን እርጥብ ቅጠል አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ ይሰጣል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ምርቱ ተሰረቀ ብሎ ቤተ ሰቡን ሊጠረጥር ይችላል።

ጦስኝ፥ ማለት በትግርኛ ጠስኒ፥ ከዚህ ሁሉ ተለይቶ ሊነገርለት የሚገባ ነው። ይህ ተክል በብርዳማ ከፍተኛ ቦታዎች፥ እንደ ሰሜን ተራራ፥ እንደ መንዝና እንደ ባሌ ባሉት፥ በዱር የሚበቅል ነው። ለሻይም ለሽሮም ለሥጋም ስለሚፈለግ በየከተማው ገበያ ይሸጣል። ብዙ ለቃሚዎች ግን ጊዜ ለማትረፍ ከነሥሩ ይነቅሉታል። ተክሉ መሬት ለመሬት የሚያድግና አፈርን የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ሥሩ ሲነቀል የሚቀጥለው ዓመት ምርት ብቻ ሳይሆን ዳገቱም ይጎዳል። የላይኛው ለጋ ክፍል በማጭድ ቢቈረጥና የታችኛው ጕቶ ቢተው እንደገና ያቈጠቍጣል። በደጋ የሚኖር ገበሬም ከጕቶው ቅርንጫፍ ወስዶ በጓሮው ድንጋያማ ጠርዝ ላይ ሊተክለው ይችላል፤ ውሃ የማይቋጥር መሬት እንጂ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም። ይህን ጉዳይ የየወረዳው ሹማምንት ለለቃሚዎች ቢያስረዱ ወጪ የሌለው መልካም ሥራ ነው።

በጣልያኖች ዘመን በአሥመራ ግቢዎች የተተከለው ሮዝማሪኖ ዛሬ በኢትዮጵያም ከተሞች የጥብስ ቅጠል በሚባል ስም ይታወቃል። ቅጠሉ ወፍራምና ቅባታም ስለ ሆነ ከበሶብላ ዘግይቶ ይደርቃል፤ ከነእንጨቱ አድርቆ በኋላ በእጅ መሸምጠጥ ይቀላል። ኮሰረት ግን ቅጠሉ ሰፊ ስለ ሆነ እርስ በርሱ ሳይደራረብ በወንፊት ወይም በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። በጉራጌ አገር ቅቤ የሚነጠረው በእርሱ ነው፤ የክትፎ መዓዛ የታወቀበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከጤና አዳም፥ በትግርኛ ጨና አዳም ከሚሉት፥ ለበርበሬ የሚፈለገው ፍሬው ነው፤ ቅጠሉስ ለቡና ይበቃል። ፍሬው ቡናማ መሆን ሲጀምር ተለቅሞ በጥላ ይደርቃል። አንድ ጥንቃቄ አለበት፤ የጤና አዳም ውሃ እጅን ነክቶት ያ እጅ ፀሐይ ቢያገኘው ቆዳውን እንደ እሳት አቃጥሎ ውሃ ያስቋጥረዋል። ስለዚህ ማለዳ ወይም ወደ ማታ መልቀምና ወዲያው በሳሙና መታጠብ ነው። ለነፍሰ ጡር ሴትም አብዝቶ መስጠት የተከለከለ ነው።

አሁን በባለሙያዎች መካከል ክርክር ወደሚነሣበት ወደ ድለዛው እንመጣለን። በቀድሞው ሥርዓት ዛላው ተቀንጥሶ በሙቀጫ ሸካራ ሆኖ ከተወቀጠ በኋላ፥ እርጥብ ነጭ ሽንኵርት፥ ዝንጅብል፥ ቀይ ሽንኵርትና በሶብላ አብረው ተወቅጠው ይደባለቁበታል። ይህ ድልዝ ተሸፍኖ ሲያድር ጣዕሙ ይዋሐዳል፤ ከዚያ በኋላ ተሰጥቶ ይደርቃል፥ በምጣድም ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል። ጣዕሙን በተመለከተ እናቶች የሚሉት ትክክል ነው፤ የተደለዘ በርበሬ ደርቆ ከተደባለቀው ይልቅ ጠለቅ ያለ ጣዕም አለው። ዳሩ ግን በበርበሬ ሥራ ሁሉ ውስጥ ለሻጋታ የተመቸው ጊዜ ይኸው ነው፤ እርጥበት፥ ሙቀትና መታፈን በአንድነት የሚገኙበት ነውና። ሻጋታው ምግብም መጠጥም ቀርቦለት ያድራል ማለት ነው።

ስለዚህ መደለዝ የፈለገች እመቤት በደረቁ ወራት፥ በታኅሣሥና በጥር ታድርገው፤ ድልዙም ከአንድ ሌሊት በላይ አይታፈን። በማግስቱ ከጣት ውፍረት ባነሰ ሁኔታ ሣሥቶ ይሰጣ፥ ጓሉም በየሰዓቱ በእጅ ይፈርፈር። ሰማዩ ቢደምን ሳይጠብቁ በምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት እያማሰሉ ማድረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን መደለዝ ፈጽሞ አይገባም።

ጊዜዋ ያጠረ ወይም ወሩ ያልተመቻት ሴት ሁሉን ለየብቻው አድርቃ በመጨረሻ ብታዋሕደው ይሻላታል። ነጭ ሽንኵርቱ ተልጦ፥ ዝንጅብሉም ታጥቦና ተፍቆ፥ እንደ ሳንቲም በስሱ ይከተፋሉ። ዝንጅብል አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ አንድ ኪሎው ከ200 ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ነጭ ሽንኵርት አንድ ኪሎው ከሲሶው ጥቂት ይበልጣል። ቀይ ሽንኵርት ሲደርቅ ከሁሉ ይልቅ ያስቸግራል፥ ስኳር ስላለበት እንደ ቆዳ ይለመልማልና፤ ስለዚህ ከምሽት ይልቅ በቀትር ወቅት ገና ትኵስ ሳለ ቢወቀጥ ይደቃል።

የአየሩ ጠባይ በየስፍራው አንድ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። ከአሥመራ ወደ ምጽዋ በሚወስደው ቍልቍለት፥ በጊንዳዕ አካባቢ፥ ዝናብ የሚዘንበው ደጋው በደረቀበት በክረምተ ባሕሩ፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። እዚያ በታኅሣሥ በርበሬ የሚያሰጣ ሰው ለደመና ይሰጣል፤ ማድረቅ ያለበት ደጋው ዝናብ በሚያገኝበት ወራት ነው። በምጽዋ ደግሞ ሙቀቱ ብርቱ ቢሆንም አየሩ እርጥብ ስለ ሆነ፥ የደረቀውም ቅመም ክፍቱን ካደረ ይለሰልሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ከደጋ ደርቆ የመጣውን ገዝተው ወዲያው በክዳን መዝጋት ይሻላቸዋል።

ማድረቂያ ሣጥን መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ተሠርቶ፥ ውስጡ ጥቍር ቀለም ይቀባል፥ ክዳኑም መስተዋት ወይም ንጹሕ ላስቲክ ይሆናል፤ በፊት ለፊቱ ከታች፥ በጀርባው ከላይ ቀዳዳ ተበጅቶለት ዝንብ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። አየሩ ከታች ገብቶ ሲሞቅ ከላይ ይወጣል፥ እርጥበቱንም ይዞት ይሄዳል። ቅጠል ሲገባበት በክዳኑ ላይ ጥቍር ጨርቅ ጣል ማድረግና ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ቀዳዳ የሌለው ሣጥን ግን ማድረቂያ ሳይሆን መቀቀያ ነው።

ሁሉ ከደረቀ በኋላ ለመፍጨት ከመቸኰል በፊት አንድ ፈተና ይደረግ። ከደረቀው ጥቂት ወስዶ በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አግብቶ ክዳኑን ገጥሞ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማቈየት ነው። ብርጭቆው በውስጥ ላብ ካወጣ ወይም ቅጠሉ ከለሰለሰ እንደገና ይሰጣ። ይህ ፈተና ምንም አያስወጣም፥ የዓመት በርበሬ ግን ያድናል።

ቅልቅሉን በተመለከተ በየአገሩና በየቤቱ ልማድ አለ፤ አንዱን ብቻ ትክክል ነው ማለት ጠብ መፈለግ ይሆናል። ለመነሻ ያህል ግን ለ10 ኪሎ ደረቅ ዛላ፥ እርጥቡ ሲመዘን አንድ ኪሎ ነጭ ሽንኵርት፥ አንድ ኪሎ ዝንጅብልና ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኵርት፥ ግማሽ ኪሎ ደረቅ በሶብላ፥ አንድ እፍኝ የጤና አዳም ፍሬ፥ ግማሽ ኪሎ ኮረሪማ ከነቅርፊቱ ተመዝኖ፥ ሩብ ሩብ ኪሎ ነጭ አዝሙድ፥ ጥቍር አዝሙድና ድንብላል፥ 100 ግራም አብሽ፥ አንድ ኪሎ ጨው ቢሆን መካከለኛ ልክ ነው። ዘሮቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይታመሳሉ እንጂ በአንድ ምጣድ አይገቡም፤ አብሽ ካረረ የሚመር ስለ ሆነ መልኩ ወርቃማ እንደ ሆነ መውጣት አለበት። ኮረሪማ ከነቅርፊቱ ተገዝቶ በቤት ይፈልፈል፤ ተፈልፍሎ የሚሸጠው መዓዛው ግማሽ በመንገድ ቀርቷል። የደረቀው ቅጠል ግን አይታመስም፤ በጥላ የተጠበቀው መዓዛ በምጣድ ላይ አንድ ጊዜ ይጠፋል።

ሚጥሚጣ ከዚህ የቀለለ ነው፤ የደረቀ ሚጥሚጣ፥ ኮረሪማና ጨው ካሉ በቂ ነው። ለመከለሻ ቍንዶ በርበሬ፥ ጥምዝ፥ ኮረሪማ፥ ቅርንፉድ፥ ቀረፋና ገውዝ በጥቂት በጥቂቱ ተታምሰው ይደቃሉ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ስለሚጨመር ትኵስነቱ ዋጋ አለው፥ ለአንድ ወር ከሚበቃ በላይ ማድቀቅ አይገባም። ለጥብስ የሚሆን የደረቀ ቅልቅል ደግሞ ሁለት እጅ የጥብስ ቅጠል፥ አንድ እጅ ጦስኝ፥ ግማሽ እጅ የደረቀ ነጭ ሽንኵርትና ጨው አድርጎ በሙቀጫ መውቀጥ ነው። ይህ ለከተማ ሰው የቀለለና ከጓሮ በሚገኝ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ቅጠሏን በማሰሮ ተክላ የምትሸጥ ሴትም ጥቂት ገንዘብ ልታገኝበት ትችላለች።

ወደ ወፍጮ ቤት የሚወሰደው በደረቅ ቀን፥ ከቤት ሲወጣም በክዳን የተዘጋ ይሁን። ለበርበሬ ብቻ የተለየ ወፍጮ ባለበት ከተማም ቢሆን ከፊት የተፈጨው የሌላ ሰው ትራፊ በጥርሱ ውስጥ ስለሚቀር፥ መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ እፍኝ ለብቻው ማስቀመጥ ብልኅነት ነው። ዱቄቱ በወንፊቱ ላይ ከተጣበቀ ወይም እንደ ሊጥ ከተጓጐለ በርበሬው አልደረቀም፤ ባለ ወፍጮው ከመቈጣቱ በፊት መልሶ መውሰድ ይሻላል። ከወፍጮ ሲወጣ ትኵስ ስለ ሆነ በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ካልቀዘቀዘ በቀር አይከደን፤ ትኵሱ ሲከደን በላብ ይረጥባል።

ብርሃን ቀዩን ቀለም ስለሚያነጣ ማስቀመጫው ጣሳ ወይም በጨለማ ቍም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ብርጭቆ ይሁን። ሸክላ እርጥበትን ያስገባል፥ ስስ የላስቲክ ከረጢትም መዓዛን ያስወጣል፤ በሁለቱም ነቀዝ ቀዳዳ አያጣም። ያልተፈጨ ዘር ሁለትና ሦስት ዓመት፥ ያልደቀቀ ቅጠል አንድ ዓመት ያህል ይቈያል፤ የተፈጨ ቅመም ግን ከስድስት ወር በኋላ መዓዛው እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የዓመቱን ሁሉ በአንድ ቀን ከማስፈጨት ይልቅ ግማሹን በዛላውና በዘሩ አቈይቶ በሰኔ መግቢያ፥ ዝናቡ ሳይጀምር፥ ሁለተኛውን ማስፈጨት ይመረጣል። በጣሳው ክዳን ላይም የተፈጨበት ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት፤ ከጣሳው የሚጨለፈውም በደረቅ ማንኪያ ብቻ ነው፥ ከሚፍለቀለቅ ድስት አፍ ላይ ጣሳውን ይዞ መነስነስ እንፋሎቱን ወደ ውስጥ ያስገባልና።